እንቅልፍ ማጣት፦ ምንነቱ፣ ሥር የሚሰድበት ምክንያትና የሕክምናው መንገድ

በመልካሳም ሆነ በአዳማ ማለዳ የሚገናኙ ሰዎች አስቀድመው የሚጠያየቁት ስለ ሌሊቱ ነው። በአማርኛ “እንዴት አደሩ?”፣ በአፋን ኦሮሞ “አከም ቡልተን?” ይባባላሉ። መልሱም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ “ደኅና፣ ፈጣሪ ይመስገን” ይባላል። ይሁን እንጂ ይህን መልስ ከሚሰጡት መካከል እንቅልፍ በዓይናቸው ሳይዞር የነጋባቸውም አሉ። ሌሊቱን ሲገላበጡ አድረው፣ ማለዳ ወደ ሽንኩርት ማሳ፣ ወደ ፋብሪካ፣ ወደ ሱቅ ወይም ወደ መኪና መሪ ይሄዳሉ።

እንቅልፍ ማጣት ለብዙዎች የጤና ችግር አይመስልም። የሐሳብ ብዛት፣ የዕድሜ ወይም የዕድል ጉዳይ ተደርጎ ይታለፋል። አንዳንዱ በቡና፣ አንዳንዱ በአረቄ፣ አንዳንዱም ከጎረቤት በተዋሰው ክኒን ሊቋቋመው ይሞክራል። ይህ ጽሑፍ እንቅልፍ ማጣት ምን እንደሆነ፣ ለምን እንደሚዘልቅ፣ በምን እንደሚታከምና እርዳታ ከየት እንደሚጀመር ያብራራል። ከሁሉ በፊት መታወቅ ያለበት ግን ይህ ነው፦ ለወራት የዘለቀ እንቅልፍ ማጣት ሊታከም ይችላል፤ ብዙ ጊዜም ሥር የሚሰደው ሰው ከእርሱ ለማምለጥ ሲል በሚወስዳቸው እርምጃዎች ነው።

እንቅልፍ ማጣት ሲባል ምን ማለት ነው?

በሕክምና እንቅልፍ ማጣት የሚባለው በሦስት መልክ ይታያል። አንደኛው ተኝቶ እንቅልፍ ሳይመጣ መቆየት ነው። ሁለተኛው ሌሊት ደጋግሞ መንቃትና መልሶ ለመተኛት መቸገር ነው። ሦስተኛው ገና ሳይነጋ ነቅቶ መቅረት ነው። ይህ በሳምንት ቢያንስ 3 ሌሊት እየተከሰተ ለ3 ወራት ከዘለቀ፣ ቀንም ድካም፣ ብስጭት፣ መርሳት ወይም ሥራ ላይ መሳሳት ካስከተለ፣ ሥር የሰደደ እንቅልፍ ማጣት ይባላል። በዓለም አቀፍ ደረጃ ከ10 ጎልማሶች አንዱ ያህል በዚህ ደረጃ እንደሚቸገር ይገመታል።

ከዚህ ሊለዩ የሚገባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። የመስኖ ውሃ ተራው ሌሊት ስለደረሰው ቦይ ሲያዞር ያደረ ገበሬ እንቅልፍ ያጣው ጊዜ አጥቶ ነው፤ ዕድሉን ቢያገኝ ወዲያው ይተኛል። የእንቅልፍ ማጣት ችግር ያለበት ሰው ግን ጊዜውም አልጋውም ጸጥታውም እያለው አይተኛም። እንዲሁም በሌሊት አንድ ሁለት ጊዜ ነቅቶ መልሶ መተኛት የተፈጥሮ ነገር ነው። ሰው ዕድሜው ሲገፋ እንቅልፉ ቀለል ይላል፤ ቀደም ብሎ መተኛትና ቀደም ብሎ መንቃትም ይለመዳል። ጎልማሳ ሰው በጥቅሉ 7 ሰዓትና ከዚያ በላይ እንቅልፍ ያስፈልገዋል፤ ሆኖም በጥቂቱ ተኝቶ ቀኑን በሙሉ ብርታት የሚውል ሰው እንደ ሕመምተኛ ሊቆጠር አይገባም።

እንቅልፍ እንዴት ይመጣል?

እንቅልፍን የሚያመጡ ሁለት ኃይሎች አሉ። የመጀመሪያው የእንቅልፍ ጫና ነው። ሰው ነቅቶ በቆየ መጠን እንደ ረሃብ እየጨመረ ይሄዳል፤ ሲተኛ ይቃለላል። ቀን ረጅም ሰዓት የተኛ ሰው ማታ እንቅልፍ የሚሸሸው ይህን ጫና አስቀድሞ ስለጨረሰው ነው።

ሁለተኛው በአንጎል ውስጥ ያለው የሰውነት ሰዓት ነው። ይህ ሰዓት በዋናነት የሚስተካከለው በፀሐይ ብርሃን ነው። የጠዋት ብርሃን ቀኑን ያስጀምረዋል፤ ጨለማ ሲሆን ደግሞ ሜላቶኒን የተባለው ንጥረ ነገር እንዲመነጭ ያደርጋል። የሰውነት ሰዓት በሕዋሳት ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ ያስረዱት ሦስት ተመራማሪዎች በ2017 እ.ኤ.አ. የኖቤል የሕክምና ሽልማት ተሸልመዋል። ኢትዮጵያ ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ የቀንና የሌሊቱ ርዝመት ዓመቱን ሙሉ ብዙ አይለያይም። ስለዚህ በየዕለቱ በአንድ ሰዓት ተነሥቶ የማለዳ ፀሐይ ማየት፣ ይህን ሰዓት ለማስተካከል ለአገራችን ሰው የቀረበና ወጪ የሌለው መንገድ ነው።

ለምን ይጀምራል? ለምንስ ይዘልቃል?

አሜሪካዊው የእንቅልፍ ተመራማሪ አርተር ስፒልማን በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ያቀረበው ማብራሪያ እስከ ዛሬ ያገለግላል። እንደ እርሱ አገላለጽ እንቅልፍ ማጣት በሦስት ዓይነት ምክንያቶች ይገነባል።

የመጀመሪያዎቹ ሰውን ተጋላጭ የሚያደርጉ ናቸው፤ በቤተሰብ መኖሩ፣ ሐሳብ የሚያበዛ ጠባይ፣ ዕድሜና የመሳሰሉት። ሁለተኛዎቹ የሚያስነሡት ናቸው፤ ሐዘን፣ ዕዳ፣ የቲማቲም ዋጋ መውደቅ፣ ሕመም፣ መፈናቀል፣ ፈተና፣ አዲስ ሕፃን። ሦስተኛዎቹ ምክንያቱ ካለፈ በኋላ ችግሩን የሚያዘልቁት ናቸው። እነዚህ አብዛኛውን ጊዜ ሰው ራሱ እንደ መፍትሔ የያዛቸው ልማዶች ናቸው፤ “ትናንት አልተኛሁም” ብሎ በጊዜ መተኛት፣ አርፍዶ መነሣት፣ ቀን መተኛት፣ ቡና ማብዛት፣ ለእንቅልፍ ብሎ መጠጣት፣ በአልጋ ላይ ሆኖ ሰዓት መቁጠር።

ከዚህ የተነሣ ዕዳው ከተከፈለና ሐዘኑ ከበረደ በኋላም እንቅልፉ ሳይመለስ ይቀራል። ሰውየው ማታ አልጋውን ገና ሲያየው ልቡ መምታት ይጀምራል፤ “ዛሬም አልተኛ ይሆን?” የሚለው ፍርሃት ራሱ ያነቃዋል። እንቅልፍ ደግሞ በግድ የሚመጣ ነገር አይደለም።

በአካባቢያችን እንቅልፍ የሚነሡ ነገሮች

ቡና። በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን የእንቅልፍ ጫናን የሚያሰማውን ምልክት ይከለክላል። በአብዛኛው ሰው ደም ውስጥ ግማሹ እስኪወገድ 5 ሰዓት ያህል ይወስዳል። ስለዚህ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ አቦል፣ ቶናና በረካ የጠጣ ሰው፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ሲተኛ ከጠጣው ካፌይን ግማሽ ያህሉ ገና በደሙ ውስጥ አለ። ቡናን መተው ግድ አይደለም፤ እንቅልፍ የሚቸገር ሰው ግን ቡናውን ወደ ጠዋት ቢመልሰው ይጠቅመዋል። ሻይና ለስላሳ የኮላ መጠጦችም ካፌይን አላቸው።

ጫት። የጫት ዋነኛ አነቃቂ ንጥረ ነገር ካቲኖን ይባላል። ከምሳ በኋላ የተቃመ ጫት ምርቃናው እስከ ሌሊት ሊዘልቅ ይችላል። ምርቃናውን ለመስበር የሚወሰደው መጠጥ፣ በተለምዶ “ጨብሲ” የሚባለው፣ በአንዱ ችግር ላይ ሌላ ይጨምራል። ጫት ለማቆም የሚወስን ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ድካም፣ ድብርትና አስፈሪ ሕልም ሊያጋጥመው እንደሚችል አስቀድሞ ቢያውቅ ከውሳኔው አይናወጥም።

የአልኮል መጠጥ። አረቄም ሆነ ቢራ ቶሎ ያስተኛል፤ ነገር ግን መጠጡ ከሰውነት ሲወጣ የሌሊቱን ሁለተኛ አጋማሽ ይቆራርጠዋል። በየቀኑ ለእንቅልፍ ብሎ የሚጠጣ ሰው መጠኑን እየጨመረ ወደ ሱስ ይገባል።

ሙቀትና ወባ። ሰው ሲተኛ የሰውነቱ ሙቀት ጥቂት መቀነስ አለበት። በስምጥ ሸለቆ በሞቃት ወራት ይህ ይከብዳል። አንዳንዶች ሙቀቱን ፈርተው አጎበሩን ይሰቅሉታል፤ ወባ ባለበት አካባቢ ግን ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። ከመተኛት በፊት ለብ ባለ ውሃ መታጠብ፣ ቤቱን ከመጨለሙ አስቀድሞ ማናፈስ፣ በመስኮት ላይ ወንፊት ማድረግና አጎበሩን ሰፋ አድርጎ መወጠር ይሻላል።

የሌሊት ሥራ። የፋብሪካ ፈረቃ፣ ጥበቃ፣ የሌሊት መስኖና ረጅም የመኪና ጉዞ የሰውነትን ሰዓት ያዛባሉ። ለ17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው ንቃቱ በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እንደሚመጣጠን በጥናት ታይቷል። ከሞጆ እስከ ጅቡቲ በሚዘረጋው መንገድ ለሚያሽከረክር ሰው ይህ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነው። የሌሊት ሥራ ያለበት ሰው ከመውጣቱ በፊት አረፍ ቢል፣ ጠዋት ሲመለስም በጨለማ ክፍል ዓይኑን በነጠላ ሸፍኖ ቢተኛ፣ ቤተሰቡም ያን ሰዓት እንደ ሌሊት ቢያከብርለት ይረዳዋል።

ከእንቅልፍ ማጣት በስተጀርባ ያለ ሌላ ሕመም

እንቅልፍ ማጣት አንዳንድ ጊዜ የሌላ ሕመም ጠቋሚ ነው። በየሌሊቱ ለሽንት ደጋግሞ መነሣት የስኳር በሽታን ወይም የፕሮስቴት ችግርን ሊያመለክት ይችላል። ጋደም ሲሉ ትንፋሽ ማጠር የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ምልክት ሊሆን ይችላል። የሌሊት ላብ ከሳልና ከክብደት መቀነስ ጋር ሲመጣ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ያስፈልጋል። የልብ ምት መፍጠን፣ የእጅ መንቀጥቀጥና ሙቀት አለመቻል ከእንቅርት ዕጢ ጋር ሊያያዝ ይችላል።

ጮክ ብሎ የሚያንኮራፋ፣ በመካከልም ትንፋሹ ቆሞ እየታፈነ የሚነቃ፣ ቀን በተቀመጠበት የሚያንቀላፋ ሰው በእንቅልፍ ጊዜ የትንፋሽ መቆራረጥ ሊኖርበት ስለሚችል መመርመር አለበት። ይህን ራሱ አያውቀውም፤ የሚያውቀው አጠገቡ የሚተኛው ነው። ማታ ማታ እግርን ካላንቀሳቀሱ ዕረፍት የሚነሣ ስሜት ደግሞ ከብረት ማነስ ጋር የተያያዘ ሊሆን ይችላል፤ በነፍሰ ጡሮችም ይታያል።

ከሁሉ በላይ የማይታለፈው ድብርት ነው። ሌሊት ነቅቶ መቅረት ከተስፋ መቁረጥ፣ ከምግብ ፍላጎት ማጣትና ቀድሞ በሚያስደስት ነገር ካለመደሰት ጋር ሲመጣ፣ መታከም ያለበት ድብርቱም ጭምር ነው። ጭንቀትና ከባድ አደጋ ወይም ጥቃት ያስከተለው የአእምሮ ጉዳትም እንዲሁ እንቅልፍ ይነሣሉ። አንዳንድ መድኃኒቶችም ይህን ያደርጋሉ። ሆኖም ማንም ሰው፣ በተለይ የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስድ፣ ስለ እንቅልፉ ለሐኪሙ ይንገር እንጂ በራሱ ፈቃድ መድኃኒቱን አያቋርጥ።

ስለ ዱካክ

አንዳንድ ሰዎች በእንቅልፍና በንቃት መካከል ሳሉ መንቀሳቀስም መጮህም ያቅታቸዋል፤ ደረታቸው ላይ አንዳች ነገር የተቀመጠ ይመስላቸዋል። በልማድ ዱካክ ይባላል። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ሕልም በሚታይበት የእንቅልፍ ክፍል የሰውነት ጡንቻዎች በተፈጥሮ ይዝላሉ፤ አእምሮ ከጡንቻዎቹ ቀድሞ ሲነቃ ሰውየው ለጥቂት ሰከንዶች ወይም ደቂቃዎች ታስሮ ይቆያል። ያስፈራል እንጂ በራሱ አይገድልም። እንቅልፍ ያጣ፣ በጀርባው የሚተኛ ወይም ጫት በቅርቡ ያቆመ ሰው ላይ ይበዛል። የእንቅልፍ ሰዓት ሲስተካከል ይቀንሳል።

የእንቅልፍ ክኒን መፍትሔ ነው?

እንደ ዲያዜፓም ያሉ የሚያስተኙ መድኃኒቶች በሐኪም ማዘዣ፣ ለአጭር ጊዜና በተወሰነ መጠን የሚሰጡ ናቸው። ለሳምንታት በተከታታይ ሲወሰዱ ሰውነት ይለምዳቸዋል፤ መጠን መጨመር ይጠይቃሉ፤ በድንገት ሲቆሙም እንቅልፍ ማጣቱ ከቀድሞው ብሶ ይመለሳል፤ መንቀጥቀጥና የሚጥል ሕመምም ሊያስከትሉ ይችላሉ። በአረጋውያን ላይ መደናገርና መውደቅ ያመጣሉ። ከአልኮል ጋር ሲወሰዱ ትንፋሽን እስከ ማቆም ሊደርሱ ይችላሉ። ስለዚህ ለሌላ ሰው የታዘዘ ክኒን መዋጥ አደገኛ ነው። ለረጅም ጊዜ ሲወስድ የቆየ ሰውም በሐኪም ክትትል ቀስ በቀስ ይቀንስ እንጂ በአንድ ቀን አያቁም።

ቀዳሚው ሕክምና

የአሜሪካ የሐኪሞች ኮሌጅ በ2016 እ.ኤ.አ.፣ የአውሮፓ የእንቅልፍ ምርምር ማኅበር ደግሞ በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጧቸው መመሪያዎች፣ ሥር ለሰደደ እንቅልፍ ማጣት ከክኒን በፊት እንዲሰጥ የመከሩት የአስተሳሰብና የባህሪ ሕክምናን ነው። ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 በሚደርሱ የምክር ቀጠሮዎች ይሰጣል። ዓላማው ሰው እንቅልፉን ለማምጣት ሲል የያዛቸውን፣ ነገር ግን እንቅልፉን የሚያባርሩ ልማዶች መፍታት ነው። ዋና ዋና ክፍሎቹ የሚከተሉት ናቸው።

1. መዝገብ መያዝ። ለ2 ሳምንታት የተኙበትን፣ የነቁበትንና የተነሡበትን ሰዓት፣ ቡናውን፣ ጫቱንና መጠጡን መመዝገብ። መጻፍ ለማይችል ሰው ተማሪ ልጁ ሊመዘግብለት ይችላል።

2. የመነሻ ሰዓትን አለመለወጥ። ሌሊቱ እንዴትም ቢያልፍ፣ በበዓልም ሆነ በሥራ ቀን በአንድ ሰዓት መነሣት።

3. አልጋን ለእንቅልፍ ብቻ ማዋል። እንቅልፍ ሲመጣ ብቻ መተኛት፤ 20 ደቂቃ ያህል ቆይቶ ካልመጣ፣ ሰዓት ሳያዩ ተነሥቶ በደብዛዛ ብርሃን በጸጥታ መቀመጥ፤ እንቅልፍ ሲመለስ መመለስ። ቤቱ አንድ ክፍል ከሆነ በርጩማ ላይ መቀመጥ ይበቃል። ወባ ባለበት አካባቢ ገላን በጋቢ ሸፍኖ መቀመጥ ያስፈልጋል። ስልክን ከአልጋ ማራቅም የዚሁ ክፍል ነው።

4. በአልጋ የሚቆዩበትን ጊዜ መመጠን። ይህ ለብዙዎች እንግዳ የሚሆን፣ ነገር ግን ብርቱ የሆነ ክፍል ነው። ለግማሽ ጥማድ ብቻ የሚበቃ ውሃ በአንድ ጥማድ ላይ ቢለቀቅ ሥሩን የሚያረካው ተክል እንደማይኖር ሁሉ፣ የ6 ሰዓት እንቅልፍም በ9 ሰዓት ላይ ሲበተን ይሳሳል። ለምሳሌ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኝቶ ከሌሊቱ 11 ሰዓት የሚነሣ፣ ነገር ግን 6 ሰዓት ብቻ የሚተኛ ሰው፣ ለጊዜው ከምሽቱ 5 ሰዓት በፊት አልጋ ላይ አይወጣም፤ የሚነሣው ግን እንደ ቀድሞው በ11 ሰዓት ነው። በአልጋ ካሳለፈው ጊዜ 85 በመቶ ያህሉን መተኛት ሲጀምር፣ በየሳምንቱ 15 ደቂቃ ይጨመርለታል። በአልጋ የሚቆይበት ጊዜ ከ5 ሰዓት በታች አይደረግም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የቀን ድካም ስለሚጨምር ሾፌሮች፣ በማሽን የሚሠሩ፣ የሚጥል ሕመም ወይም ከፍተኛ የስሜት መዋዠቅ ያለባቸው ሰዎች ያለ ባለሙያ ክትትል አይሞክሩት።

5. ሐሳብን ከአልጋ በፊት ማራገፍ። ስለ ዕዳ፣ ስለ ዘር ወይም ስለ ልጆች የሚያሳስበውን ገና ምሽት ላይ ከትዳር ጓደኛ ጋር መነጋገር ወይም መጻፍ፤ “አንድ ሌሊት ካልተኛሁ እወድቃለሁ” የሚለውን ፍርሃትም ከባለሙያ ጋር መመርመር።

እርዳታ ከየት ይጀመራል?

በገጠር ቅርብ የሆነው በር ጤና ኬላ ነው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችን አድርሷል፤ ችግሩን ለእነርሱ መንገር ወደ ጤና ጣቢያ ለመላክ የመጀመሪያው እርምጃ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረገውን፣ የአእምሮ ጤና አገልግሎትን ወደ መደበኛ ጤና ተቋማት የሚያስገባ መርሐ ግብር ቀድመው ከጀመሩ አገሮች መካከል ኢትዮጵያ አንዷ ናት። ስለዚህ ድብርትና ጭንቀት በጤና ጣቢያ ደረጃም ሊታዩ የሚገባቸው ሕመሞች ናቸው። ከዚያ በላይ የሚያስፈልገው ሰው ወደ አዳማ ሆስፒታል ሕክምና ኮሌጅ፣ እንደ አስፈላጊነቱም በአዲስ አበባ ወደሚገኘው አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ሊላክ ይችላል።

ወደ ባለሙያ ሲሄዱ የ2 ሳምንቱን መዝገብ፣ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች በሙሉ፣ ከተቻለም አጠገብዎ የሚተኛውን ሰው ይዘው ይሂዱ። ስለ ጫትና ስለ መጠጥ እውነቱን ይናገሩ፤ ባለሙያው የሚጠይቀው ሊፈርድ ሳይሆን ትክክለኛውን ሕክምና ሊመርጥ ነው። ጸሎት፣ ጸበል ወይም ዱዓ የሚያጽናናው ሰውም ሕክምናው ይህን እንዲተው አይጠይቀውም፤ ሁለቱን ጎን ለጎን መያዝ ይችላል።

ለነገ የማይባሉ ምልክቶች

ከሚከተሉት አንዱ ከታየ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።

• ራስን የማጥፋት ሐሳብ፤ እንዲህ ያለው ሰው ብቻውን አይተው፤ ፀረ ተባይ መድኃኒትና ገመድም ከአጠገቡ ይራቅ።
• ለቀናት ሳይተኙ ድካም አለመሰማት፣ ያለ ልክ መናገር፣ ገንዘብ መበተን ወይም የሌለ ድምፅ መስማት።
• በቅርቡ የወለደች እናት ሕፃኑ ተኝቶ እያለ እንኳ መተኛት ሲያቅታት፣ ስትደናገር ወይም ያልተለመደ ነገር ስትናገር።
• ብዙ ይጠጣ የነበረ ሰው መጠጥ ባቆመ በቀናት ውስጥ ሲንቀጠቀጥ፣ ሲቃዥ ወይም ሲጥለው።
• ጋደም ሲሉ የሚብስ ብርቱ የትንፋሽ እጥረት ወይም የደረት ሕመም።

ቤተሰብም ድርሻ አለው። ሌሊት የሚነቃውን ሰው “ሐሳብ አታብዛ” ብሎ ማለፍ አይፈውሰውም፤ አብሮት ጤና ጣቢያ መሄድ ግን ግማሽ መንገድ ነው። ሦስት ወር የሞላው እንቅልፍ ማጣት ያለበት ሰው በሚቀጥለው ጊዜ የጤና ባለሙያዋ “እንዴት አደሩ?” ስትለው፣ በልማድ “ደኅና” ከማለት ይልቅ እውነቱን ይንገራት። ሕክምናው የሚጀምረው ከዚያ መልስ ነው።